የአራስ ቤቱ ማሞቂያና የእግሬ ነገር

አራስ ቤት ሰው ያላችሁ፣ አራስ ለመጠበቅም ሽር ጉድ የምትሉ፣ ይህን የምነግራችሁ ልመክራችሁ ብዬ አይደለም። ምክር እኔንም ሰልችቶኛል። እግሬን ያበላሸው፣ ከእግሬም የሚበልጠውን ከእቅፌ ያስወጣብኝ ምክር ነው፤ ያውም ከሚወዱኝ ሰዎች አፍ የወጣ። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲያ እንደፈለጋችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። የምኖረው ኮልፌ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ባለቤቴ ሸምሱ ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ግቢ ነበር። ሸምሱ የአንድ ፈረንጅ ቤተሰብ ሹፌር ነው። እናቱ እማማ ከድጃ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ፤ ቁጡ ናቸው፣ ግን ጎረቤት ታመመ ሲባል ምግብ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ሰሚራን የወለድኩት ሰኔ ሲገባ ነው፤ ክረምቱም አብሯት ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጅቷ ማልቀሷን የማውቀው አፏን ስትከፍት አይቼ ነበር።

እማማ ከድጃ ታናሽ እህታቸው አራስ ቤት ሳለች ነው የሞተችባቸው። «ብርድ መታት» ነው የሚሉት። በምን እንደሞተች አላህ ይወቅ፣ ብቻ እሳቸው ከዚያ ወዲህ ብርድን እንደ ሌባ ነው የሚጠብቁት። እኔ ስወልድ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት፣ የበሩን ሥር በጆንያ ወተፉት። እግሬ ባዶ መሬት እንዳይረግጥ፣ ራሴ እንዳይገለጥ፣ እጄ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይነካ፣ ወደ ጓዳም ብቅ እንዳልል።

«ኧረ እማማ፣ አየር አጠረኝ» ስላቸው፣

«አየር? እህቴን የገደላት አየር አይደል እንዴ!» ይሉኛል።

ሸምሱ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። አሠሪዎቹ ወደ አገራቸው ሊገቡ ዕቃ ሲበትኑ «ለአራስ ሚስትህ» ብለው የሰጡት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ጀርባው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ፣ ፊቱ የሽቦ ፍርግርግ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ በነጭ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ። ኮረንቲ ሲያገኝ ሽቦው ቀስ እያለ ይቀላና ፍም ይመስላል። ጭስ የለው፣ አመድ የለው። ደግሞ እንደ ከሰል ቤቱን አያሞቅም፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው የሚያሞቀው። ከፊት እየተጠበስኩ ከኋላዬ የሚበርደኝ ጊዜ ነበር።

እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚሉት ጎረቤቶችም፣ ማሻአላህ የሚሉት ጎረቤቶችም መጡ። ልጄን አንዴ ካዩ በኋላ ዓይናቸው ማሞቂያው ላይ ነበር የሚቀረው። እማማ ከድጃ ኩራታቸው ለጉድ ነው። «እስቲ ጠጋ በሉና ሙቁ! የፈረንጅ ሥራ ነው፤ አራስ እንዲህ ነው የምትያዘው» እያሉ ለመጣው ሁሉ ያስሞቃሉ።

ከወለድኩ በኋላ እግሬን ይቆረጥመኝ ጀመር። ለአማቴ ማመልከት አልነበረብኝም መሰል፣ ግን አመለከትኩ።

«አላልኩም? ብርድ ገብቶብሻል። ብርድ ሲገባ በእግር ነው የሚገባው» አሉና ማሞቂያውን ወደ ፍራሹ ገፋ አደረጉት። በክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ልጄን ታቅፌ፣ እግሬን ዘርግቼ ውዬ አመሽ ጀመር። ደስ ይል ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው እሱ ነገር፤ ቆዳህን ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ከዚያ ይለምድሃል፣ ከዚያ ጠጋ በል ጠጋ በል ይልሃል።

ምልክትማ ነበረ። የነጠላዬ ጫፍ ፍርግርጉን ነክቶ ቡናማ ሆነ። የሰሚራ የሽንት ጨርቅ እንዲደርቅ ተብሎ ከላዩ ተሰጥቶ ጠረኑ ሲቀየር ነው የደረስኩበት። ሸምሱ ሰው እንዳያደናቅፍ ብሎ ገመዱን በምንጣፍ ሥር አሳልፎት ነበር፤ አንድ ቀን በባዶ እግሬ ብረግጠው ምንጣፉ ራሱ ግሏል። ሁላችንም አየነው፣ ሁላችንም አለፍነው። ጎጆ የሚያቃጥል እሳት ነው፣ ኮረንቲ ምን ያደርጋል ብለን ነው መቼም።

ነሐሴ ላይ ገላዬን ስታጠብ ሁለቱም እግሬ ላይ ቀላ ያለ ጥልፍልፍ አየሁ። ዳንቴል የተሠራብኝ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሲነጋ ይጠፋል፣ ሲመሽ ይመለሳል። በኋላ ግን ቀረ፣ ከቀይነት ወደ ቡናማ ሄደ። ደነገጥኩና ለእማማ ከድጃ አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩና ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ! ብርዱ ወደ ውጭ እየወጣ ነው!»

«ይኼ ብርድ ነው እንዴ እማማ?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ውስጥ ቢቀር ኖሮ ነበር የሚያስፈራው። በርቺ፣ ሙቂ።»

እኔም በረታሁ። ብርዱ «በወጣ» ቁጥር ማሞቂያው ይቀርባል፣ ማሞቂያው በቀረበ ቁጥር ዳንቴሉ ይጠቁራል፣ ዳንቴሉ በጠቆረ ቁጥር አማቴ ደስ ይላቸዋል። አርባዬ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ ሰው ፀሐይ መሞቅ ሲጀምር እኔ አሁንም እዚያው ማሞቂያ ሥር ነኝ። ቆዳዬ ደረቀ፣ ሻከረ፣ ያሳክከኝ ያቃጥለኝ ጀመር። ያኔ ነው ሸምሱ «ይኼ ነገር ሐኪም ይየው» ያለው።

የሐኪም ቤቱን ጣጣ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ሳስበው ራሱ ይደክመኛል። ጦር ኃይሎች አካባቢ አንዱ ክሊኒክ «ደምሽ ተመርዟል» ብሎ ፔኒሲሊን ወጋኝ፤ መቀመጫዬ አብጦ ለቀናት በጎኔ ተኛሁ፣ እግሬ እንደሆነ እንደዚያው። ሌላው «ቋቁቻ ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቅባቱን ተቀብቼ ማሞቂያው ፊት እቀመጣለሁ፣ እንደ ጥብስ እንጨረጨራለሁ። ሦስተኛው ጉበቴን ጠረጠረ። የጋብቻ ወርቄ በዚህ መሃል ተሸጦ አለቀ። አንዳቸውም ታዲያ «ቤትሽ ምን ስታደርጊ ትውያለሽ?» ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ማሞቂያው መድኃኒቴ ነው፤ ሰው ለሐኪም የሚነግረው ሕመሙን ነው እንጂ መድኃኒቱን ነው እንዴ?

መጨረሻ ላይ ኮልፌ ውስጥ አንድ ስመ ጥር ድሬሰር ዘንድ ሄድን። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ዶክተር ነው የሚባለው። እማማ ከድጃም አብረውኝ ነበሩ። ሰውዬው እግሬን አየ። አልነካኝም። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«የምታጠቢው ልጅ አለሽ?»

«አዎ፣ አንድ ሴት ልጅ አለችኝ።»

«ለጊዜው ለዪያት። ሰሃንሽንም ለዪ። ትልቁ ሐኪም ቤት ሂጂና የቆዳ ሐኪም ይይሽ።»

«ምን መስሎዎት ነው?»

«እኔ አፌን ሞልቼ አልናገርም» አለና ወደ አማቴ አየ። እማማ ከድጃ ገባቸው። እኔም ገባኝ። የዚያን በሽታ ስም ሰው ቤቱ ውስጥ እንኳ ጮክ ብሎ አይጠራውም፤ ቁምጥና ነው። ስንመለስ ሁልጊዜ ክንዴን ይዘው የሚሄዱት ሴትዮ ቀድመውኝ ሄዱ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ለካ ይኼ ነው።

የሸምሱ እህት ሙና አስኮ ነው ያገባችው። ከሰሚራ በጥቂት የሚበልጥ ልጅ ታጠባ ነበር። እማማ ከድጃ ቤት እንደገባን ነገሩን ጨረሱት፤ ሰሚራ አስኮ ትሄዳለች፣ ሙና ታጠባታለች፣ እኔ እስክድን።

«ሸምሱ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ለጊዜው እኮ ነው ዘይኑ» አለኝ። ስሜ ዘይነባ ነው፣ ሲያባብለኝ ዘይኑ ነው የሚለኝ።

«ልጄ ናት! አራት ወሯ ነው!»

«እኔስ ልጄ አይደለችም? ብትይዛትስ? እጆቿ...» ብሎ መጨረስ አቃተው። ያን ቀን ጠላሁት። ወላሂ ጠላሁት። ትክክል መስሎት እንደሆነ እያወቅኩ ጠላሁት። እማማ ከድጃ ልጄን አዝለው ሲወጡ እያለቀሱ ነበር፣ እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ጡቴ ነው ያለቀሰው። ሸሚዜ ርሶ፣ ጋቢዬ ርሶ፣ የምትጠባው የለች። ወተቱን በኩባያ እያለብኩ ግድግዳው ሥር እደፋ ነበር። እንዳይደርቅብኝ ብዬ ነው። ግን እንዲያም ሆኖ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ጠብ አልል አለ።

ሰሃኔ ተለየ፣ ኩባያዬ ተለየ። ምግቤን በሩ ላይ አስቀምጠው ያንኳኳሉ። ጎረቤቶቼም ሥራ በዛባቸው። ማሞቂያውን ግን ማንም አልወሰደብኝም። እንዲያውም እማማ ከድጃ በበሩ ቀዳዳ «ሙቂ እንጂ፣ አትዘኚ፣ ሙቂ» ይሉኛል። ልጄ በሌለችበት ቤት ውስጥ ያለኝ እሱ ብቻ ነበርና እቅፍ አድርጌው ነበር የምውለው። ሌሊት ሌሊት ጣቶቼን እቆጥራለሁ፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ እንኳ ሳላጠፋው ነው። ያ ቤት አለመቃጠሉ የአላህ ጥበቃ ነው እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አይደለም።

ትልቁ ሐኪም ቤት የቆዳ ሐኪም የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ጎህ ሲቀድ ሄጄ እሰለፋለሁ፣ ወረፋው እኔ ጋ ሳይደርስ ይመሻል። በሌላው ሳምንት ዶክተሯ ክፍለ ሀገር ሄደዋል ይባላል። በሌላው ደግሞ ደም ስጪ፣ ከጆሮሽ ጫፍ እንጫር ይባላል፤ የዚያ በሽታ ተውሳክ ካለ የሚታየው በዚያ ነው። ተውሳክ አልተገኘም ተባልኩ። እሰይ ልል ስል «አንዳንዴ ግን አይታይም፣ ዶክተሯ ትይሽ» አሉኝና እንደገና ወረፋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

መጠበቂያው ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነው። ከተቀመጥኩበት ሰው እየተነሣ ይሸሸኝ ነበር፤ እግሬን ሸፍኜ እንኳ በምን እንደሚያውቁ እንጃ። አንድ ጠዋት ከሳንሱሲ የመጣች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። የእሷ የታወቀ ነው፣ ጣቶቿ ላይ ይታያል። እኔው ራሴ ልሸሽ ቃጣኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከጉያዋ ቆሎ አወጣችና «ያዢ፣ ባዶ ሆድሽን አትዋዪ» አለችኝ። ተቀብያት በላሁ። ሁለት ልጆች እንዳሏት፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ከነሱ ጋር እንደምትኖር ነገረችኝ። ማንም ከማንም አልነጠላቸውም። በዚያ ሁሉ ወር ተጠግታኝ የተቀመጠች ሰው እሷ ብቻ ናት፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

በየመሃሉ በአውቶቡስ አስኮ እሄዳለሁ። ግቢ አልገባም፣ አጥሩ ጋ ነው የምቆመው። ሙና ከበረንዳው ላይ ሰሚራን ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች። «ጥርስ አበቀለች!» ትለኛለች። ጥርሱ ከዚያ ርቀት አይታይም፤ ቢሆንም «አየሁት፣ አየሁት» እላታለሁ። ከዚያ ወደ ፌርማታው እመለሳለሁ።

ጥር ላይ ዶክተሯ ዘንድ ገባሁ። ያረጁ ፈረንጅ ናቸው፣ የኛ አገር ነርስ ታስተረጉምላቸዋለች። ዓይንሽን ጨፍኚ አሉኝና እግሬን በጥጥ ጫፍ እዚህም እዚያም ነካ ነካ አደረጉ። «ስትነኪ ንገሪ» አለችኝ ነርሷ። አንዱም አላመለጠኝም። በዚያ በሽታ ቢሆን ኖሮ ቆዳው ይደነዝዝ እንደነበር በኋላ ነው የተነገረኝ። ዶክተሯ አጎንብሰው እግሬን አዩ።

«እሳት ትሞቂያለሽ ወይ ይሉሻል።»

«አልሞቅም። ከወለድኩ ጀምሮ ምድጃ ዳር ደርሼ አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ከጓዳ ተከልክዬ የለ!

ዶክተሯ ይበልጥ ጠጋ አሉ። ቀኝ እግሬን አገላበጡት፣ ከዚያ ግራዬን። ቀኙ በውጭ በኩል ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ጠቁሯል፣ ግራው ደግሞ ከላይ በኩል ትንሽ ብቻ። ለነርሷ አንድ ነገር አሏት።

«ቤትሽ የምትቀመጪው እንዴት ነው? መሬት ላይ ተቀመጪና አሳዪኝ ይሉሻል።»

ምን ዓይነት ሕክምና ነው ብዬ ተናደድኩ። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ግራ እግሬን አጠፍኩት፣ ቀኙን ዘረጋሁ፣ ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ልጅ እንደታቀፈ ሰው እጄን አጠፍኩ። ልጅ አልነበረኝም፣ እጄ ግን አልረሳውም። እንባዬ መጣ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«በቀኝሽ በኩል ምን አለ?»

«ምን ይኖራል፣ ማሞቂያው ነዋ።»

ነርሷ ማስተርጎሙን ትታ አፈጠጠችብኝ። «የምን ማሞቂያ? እሳት አልሞቅም አላልሽም እንዴ?»

«የኤሌክትሪክ ነው! ኮረንቲ እሳት ነው እንዴ?»

ነርሷ አፏን ይዛ ሳቀች። ዶክተሯ አልሳቁም። በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ማሞቂያው ካለበት ቦታ እጃቸውን እንደ ጨረር ወደ እግሬ አመጡት። ጨረሩ ያገኘው ሁሉ ጠቁሯል፤ የዘረጋሁት እግር የጋረደው ቆዳ ንጹሕ ነው። ያኔ በገዛ ዓይኔ አየሁት። አራት ሐኪም ያላየው፣ እኔም ከነተሸከምኩት ያላየሁት።

በነርሷ በኩል አስረዱኝ። ሙቀቱ እንደ ፈላ ውሃ በአንዴ ቢያቃጥለኝ ኖሮ ጮኼ እሸሽ ነበር። እሱ ግን የማያስጮህ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያበሰለ የቆዳዬን የደም ሥሮች ነው ያጠቆራቸው፣ ጥልፍልፍ የመሰለውም ለዚያ ነው። ተላላፊ አይደለም። መድኃኒቱም ከማሞቂያው መራቅ ነው። እግሬን የሚቆረጥመኝ ደግሞ ብርድ ሳይሆን ቁጭ ብዬ በመዋሌ ነው፤ ተራመጂ አሉኝ። የማይድን ቁስል ቢወጣበት ብቻ ተመልሼ እንድመጣ ነገሩኝ።

«ልጄስ?» አልኩ።

«ልጅሽ ምን ሆነች?»

ነገርኳቸው። ነርሷ ሳቋ ጠፋ፣ ስታስተረጉም ድምጿ ተለወጠ። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ዛሬውኑ ሄደሽ አምጫት» አሉኝ።

ደስ ያለኝ ይመስላችኋል? አልነበረም። ድክም አለኝ። የሐኪም ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ሊወስደኝ የሚመጣውን ሸምሱን ጠበቅሁት፣ ስነግረው እሱ ነው እዚያው መንገድ ላይ የተንሰቀሰቀው። ታክሲ ይዘን አስኮ ወረድን። እማማ ከድጃ እዚያ ነበሩ። ሸምሱ ሲያስረዳቸው ሦስቴ «ማሞቂያው?» አሉ። ከዚያ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡና እግሬ ሥር ቁጭ ብለው፣ ወራት ሙሉ ያልነኩኝ ሴትዮ፣ በባዶ እጃቸው የጠቆረውን ቆዳዬን ይዘው ቀሩ። «እኔ እኮ እንዳትሞቺብኝ ነው» አሉኝ። ልጣላቸው አልቻልኩም፣ እውነታቸውን ስለሆነ። ልታረቃቸውም ወዲያው አልቻልኩም።

ሰሚራን ተቀበልኳት። አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ሁለት እጇን ወደ ሙና ዘረጋች። ጡቴን ሰጠኋት፣ ባዶ ነው፣ ጮኸች። ሙና ወስዳ አጠባቻት፣ ዝም አለች። ሙና በሐፍረት ፊቷን አዙራ ነበር የምታጠባት፤ እሷ ምን አደረገች፣ ልጄን በሕይወት ያቆየችልኝ እሷ ናት። እንኳን በአንዴ ይዣት ልሄድ፣ እንድትለምደኝ እኔው አስኮ ከረምኩ። ሰሚራን ኮልፌ ያስገባሁት ጡት ልትተው ስትል ነው። ያኔ አፏን ፈትታለች። ሙናን «እማ» ትላለች። እኔን እንደ አባቷ «ዘይኑ» ትለኛለች። ይሁን አልኩ፣ ሲቆይ ይለወጣል ብዬ።

እግሬስ? እግሬ ዳነ። ዓመት ሳይሞላው ዳንቴሉ እየደበዘዘ ሄደ፤ ዛሬ ቀኝ እግሬ ላይ የሻይ እድፍ የመሰለ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ሸምሱ ማሞቂያውን ሊሰብረው ሲነሣ ከለከልኩት። ዕቃው ምን አጠፋ?

አሁን ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ አምና የሆነው ነው። ሰሚራ አድጋ፣ አግብታ፣ ልትወልድ እኔ ጋ መጣች። አማቼ ጨዋ ልጅ ነው፤ የአራስ ቤቱን ሲያዘጋጅ አዲስ ማሞቂያ ገዝቶ ከአልጋው አጠገብ ገተረው።

«ወዲያ በር ጋ ውሰደው» አልኩት።

«እማማ፣ አራስ እኮ ልትሆን ነው፣ ብርድ...»

ቀሚሴን ሰብስቤ እግሬን አሳየሁት። ልጁ ደነገጠ። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ አደረገ፤ ማሞቂያው ከአልጋው ራቀ፣ ገመዱ ከምንጣፍ ሥር ወጣ፣ ጨርቅ የሚሰጣበት ገመድ ሌላ ክፍል ታሰረ። መስኮቱን ገርበብ አደረግነው። ክፍሉ ሞቅ ሲል ይጠፋል፣ ሰው ሲተኛ ይጠፋል፣ ሕፃን ፊቱ አይቀመጥም፤ ቆዳሽ ከጋለ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው አልኳት። «እሺ ዘይኑ» አለችኝ።

ምጡ የመጣባት ጠዋት ላይ ነው። ባሏ መኪና ሊፈልግ ወጣ። እጇን ይዤ፣ ላቧን እየጠረግኩ፣ አይዞሽ እላታለሁ። ሕመሙ ሲጠናባት ጣቶቼን ጨመቀችና በዚያ በትልቅ ዓይኗ አየችኝ።

«ዘይኑ» አለችኝ፣ «እማን ጥሪልኝ።»

ተነሥቼ ሄድኩና ለሙና ደወልኩላት።